ስድስተኛው ጣሳ

በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት በጨፋ ሸለቆ ወተት የሚጠጣው ካርድ ታይቶ ነበር። ካርዱ ማድቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቀለሙ ይታደሳል። አረንጓዴ ከሆነ ወተቱ ይጠጣል። ቀይ ከሆነ ይደፋል፣ በማግስቱም ከብቱን የሚወስድ መኪና ይመጣል። ልጆቹ ሌላ ሥርዓት አያውቁም። በትምህርት ቤታቸው ግድግዳ ላይ ጥጃ ማሻሸት ከሲጋራና አስፋልት ላይ ከመጫወት ጋር በአንድ ረድፍ ተስሎ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ላሞች በመንገድ ሲያልፉ ከጭራቸው ሥር ከረጢት ታስሮላቸው ነው፤ ከረጢቱን በየሐሙሱ የመንግሥት መኪና ይሰበስበዋል። ድሮ ቤት በእበት ይለቀለቅ እንደነበር፣ ኩበትም ይነድ እንደነበር ሽማግሌዎች ሲያወሩ ወጣቶቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

ይህ ሁሉ የመጣው በእንግዳው ምክንያት ነው። ሐኪሞች ረጅም ስምና ቁጥር ሰጥተውታል፤ ሕዝቡ ግን እንግዳው ይለዋል፤ ላም አንጀት ውስጥ ገብቶ ላሟን ሳይነካ ስለሚኖር። ላሟ ትግጣለች፣ ትወልዳለች፣ ትታለባለች። ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን መጀመሪያ ደም ያስቀምጣል፤ በሳምንቱ ኩላሊት ይዘጋል። የቀድሞ መድኃኒቶችን አንድ በአንድ ለምዷቸዋል፤ አይገድሉትም። ስለዚህ መንግሥት ሰውን ማከም ትቶ እበት መመርመር ጀመረ።

ሙሂባ እንድሪስ የሸለቆው ናሙና ተቀባይ ነበረች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖታል። ከወንዙ ማዶ በተሠራችው ጣቢያ ውስጥ በየማክሰኞው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራ ጣሳ ትቀበላለች። ለአንድ ከብት አንድ ጣሳ፣ በጣሳው ላይ የባለቤቱ ቁጥር። ከእያንዳንዱ በትንሽ ማንኪያ ቆንጥራ ለመመርመሪያው ሣጥን ትሰጣለች፤ የቀረው የሣጥኑ ሥራ ነው። ሰዉ እበት አንባቢዋ ይላታል። በዚህ ተቀይማ አታውቅም። የምትተዳደረው ግን በደመወዟ ሳይሆን በላሞቿ ወተት ነበር።

በታኅሣሥ ሁለተኛው ማክሰኞ ሰልፉ እንደወትሮው ረጅም ነበር። ሰዎች ክዳኑ የተገጠመ ጣሳቸውን ለጎረቤት ወጥ እንደሚያደርስ ሰው ተጠንቅቀው ይዘው ቆመዋል።

«ሙሂባ፣ የኔዋ ዛሬ ትንሽ ቀጥኗል። እንዳትንቂው» አለ ሙሳ የሚባል ጎልማሳ።

«አንተ ብቻ የላም አምጣልኝ። ባለፈው የሰጠኸኝ የበግ ነበር።»

«በግ አይደለም፣ ወላሂ። ከብቷ ከስታ ነው።»

«ከብት ብትከሳ ጠጠር አትጥልም፣ ሙሳ።»

ሰልፉ ሳቀ። የሳቀው ግን እንደሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ሁሉም ዓይኑን ወደ መንገዱ ይጥል ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የመንጋ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ነጭ መኪና መጣ። ከውስጡ በርናባስ የሚባለው ተቆጣጣሪ ወረደ። ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የቃጭሎ ሸለቆ ከብት በሙሉ ሲወገድ ሥራውን የመራው እሱ ነበር። ስምንት ሺህ ከብት በሦስት ቀን። ከዚያ ወዲህ ሥጋ አይበላም ይባላል። የቃጭሎ ወንዶች ዛሬም ጎህ ሲቀድ ተነሥተው በረታቸው በር ላይ ጥቂት ቆመው ይመለሳሉ፤ ልጆቻቸው የሚጠጡት በከረጢት የሚመጣ ዱቄት ነው።

በርናባስ ከሰልፉ ፊት ቆሞ ወረቀት ሳያወጣ ተናገረ።

«የበሽታውን ምንጭ ለማግኘት የተሰጠው ሠላሳ ቀን ዓርብ ያልቃል። ምንጩ አልተገኘም። ቅዳሜ ጠዋት ማጽዳት ይጀመራል።»

ማጽዳት የጽሕፈት ቤቱ ቃል ነበር። የሸለቆው ከብት አሥራ አንድ ሺህ ነው።

አንዲት ሴት ጣሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች መልሳ አነሣችው።

ሙሂባ በርናባስን ወደ ጣቢያው አስገባችው። ወንበር ሰጠችው፤ አልተቀመጠም።

«እስኪ በደንብ አስረዱኝ፣ አቶ በርናባስ። ዘጠኝ ሰው ታመመ፣ ሦስት ሞተ። ካርዶቹ በየሳምንቱ ይቀላሉ። እንዴት ነው ምንጩ የማይታወቀው?»

በርናባስ የሸለቆውን ካርታ ግድግዳው ላይ አበራው። ቀይ ነጥቦቹ እንደተበተነ ማሽላ ተረጭተው ነበር፤ አንዱ ደጋው ጥግ፣ ሁለቱ ከአስፋልቱ ዳር፣ አንዱ ሌላ ከብት በሌለበት ሰፈር መሀል።

«በውሃ ቢሆን ውሃውን ይከተላል። በግጦሽ ቢሆን ግጦሹን ይከተላል። ይሄ ምንም አይከተልም። ጥቅምት ላይ መጀመሪያ የቀላው የአባ ሽፋው ቤት ነበር። በማግስቱ ከብቶቹን ወሰድን። ምንጩ እዚያ ቢሆን ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። አላበቃም። ሠላሳው ቀን ሲጀምር ከየቤቱ መውሰዱን አቁመን ነጥቦቹን ለማዕከሉ ማሽን ሰጠን፤ አላወቀውም። ምንጩ ካልታወቀ ደንቡ አንድ ነው፣ ወይዘሮ ሙሂባ። እኔ አላወጣሁትም።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬም ጣሳ ይቀበላሉ?»

«ማክሰኞ አይደል» አለች።

እሱ ሄደ፤ እሷ ወደ ጣሳዎቿ ተመለሰች። ሰልፉ አሁን ዝም ብሎ ነበር የሚጓዘው። አንዱን ታነሣለች፣ ትከፍታለች፣ ትቆነጥራለች፣ ትዘጋለች። ከአንድ ቤት የመጡ አራት ጣሳዎች ነበሩ። ሦስቱ ሞቃት ናቸው፤ ላሞቹ ጠዋት የጣሉት ነው። አራተኛው ቀዝቃዛ ነበር። ይህን በእጇ ለአሥራ አንድ ዓመት ስታውቀው ኖራለች። በየቤቱ ሞቃትና ቀዝቃዛ ጣሳ አለ። የሷም ሦስት ጣሳዎች ቀዝቃዛ ናቸው። እጅ የለመደውን ነገር ሰው አያስበውም። ያን ቀን ግን አራተኛውን ጣሳ እንደያዘች ቆመች።

በጨፋ ከብት ያለው ሰው ከብቱን ሁሉ አንድ በረት አያሳድርም። አንዷን ላም ለወዳጁ፣ ሌላዋን ለእህቱ ባል፣ ጊደሯን ለሩቅ ሰፈር ሰው በአደራ ይሰጣል። ወተቱ የጠባቂው ነው፤ ላሟና ጥጃዋ የባለቤቱ። ድርቅ አንዱን ሰፈር ቢመታ ሌላው ይተርፋል፣ ወረርሽኝ ቢገባም እንደዚሁ። የማን ከብት የት እንደሚያድር አይጠየቅም፣ አይነገርምም። የጣሳው ሕግ ሲመጣ ማንም በመጥፎ ሐሳብ አላጠፋም። ጽሕፈት ቤቱ የጠየቀው የላሟን ባለቤት ነበር። አደራ ጠባቂው ጣሳውን በራሱ ስም ቢያስመዘግብ ላሟን ወሰዳት ማለት ነው፤ ከዚህ የሚብስ ነውር የለም። ስለዚህ ሰኞ ማታ ጣሳውን በሞተር ሳይክል ለባለቤቱ ይልካል። ባለቤቱ ማክሰኞ ጠዋት ከራሱ ጣሳዎች ጋር ይዞት ይሰለፋል። የላሟ ባለቤት ማን ነው ተብሎ ተጠየቀ፤ በእውነት ተመለሰ። የት ታድራለች ያለ ግን አልነበረም።

ሙሂባ አባ ሽፋውን አስታወሰች። በየሳምንቱ ስድስት ጣሳ ያመጡ ነበር። አምስቱ የሚተኑ፣ ስድስተኛው ከዳር የሚቀመጥ ቀዝቃዛ። ጥቅምት ላይ የቀላው ስድስተኛው ነበር። መኪናው ሲመጣ በረቱ ውስጥ የተገኙት ግን አምስት ናቸው። ስድስተኛዋን ጅብ በላት ብለው ነበር።

ሥራዋን ስትጨርስ ካልሲና ጫማዋን ቀይራ፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ወደ አባ ሽፋው ቤት ሄደች።

አባ ሽፋው ይመር የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌና የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቅሬው የሞተን የሚቀብር፣ ያዘነን የሚያጽናና የሰፈሩ ማኅበር ነው፤ ዳኛው የተናገሩት አይታለፍም። ከደጃቸው ተቀምጠው የቃጫ ገመድ ይገምዱ ነበር። የሚያስሩበት ከብት አልነበራቸውም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባ ሽፋው።»

«ወአለይኩም ሰላም። ነይ ተቀመጪ። እበት ፈልገሽ ከሆነ የለኝም።»

«ስድስተኛዋ በሕይወት አለች?»

ሽማግሌው ገመዱን መገመድ አላቆሙም። «ጅብ በላት ብያለሁ።»

«እሱን ያሉት ለመኪናዎቹ ነው። እኔ ግን ጣሳዋን ስድስት ዓመት ይዣለሁ። አንድም ማክሰኞ ሞቆ አያውቅም። ላሟ በዚህ በረት አድራ አታውቅም።»

«ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አይጠይቅም፣ ሙሂባ።»

«አይጠይቅም። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሺህ ከብት የሚወሰድ ባይሆን እኔም አልጠይቅዎትም ነበር።»

ዓይናቸውን ወደ ባዶው በረት አዞሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ተናገሩ።

«እብሬ ዘንድ ናት። እብሬ አሊ። በረቱ ውስጥ ሃያ ሁለት ከብት አለ፣ የሱም የሌላም ሰው። ስሙን ብጠራ መኪኖቹ በማግስቱ የሱ በር ላይ ናቸው። አደራዬን ጠብቆ ባቆየ ቤቱን ላፍርስበት? የሞቱት አምስቱ የኔ ናቸው። የራሴን ሰጠሁ፣ ዝም አልኩ።»

«ወተቷንስ?»

«የዚያኑ ዕለት ላኩበት። እንዳትጠጡ፣ ከሌሎቹም ለያት አልኩት። ሊያርዳት አይችልም፤ የሰው ናት። እኔም እረዳት ልለው አልቻልኩም፤ ጅብ የበላት ላም እንዴት ትታረዳለች? እብሬ ደግሞ ጠንቃቃ ነው። ሰውም ከብትም ከማይደርስበት ወስዶ ለብቻዋ አጥሮላታል።»

«የት ወስዶ?»

«ላይ። ምንጩ አናት ላይ፣ ሣሩ ካለበት...»

አባ ሽፋው የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት። ገመዱ ከጣታቸው ወጥቶ ተፈታ። ከምንጩ አናት የሚወርደው ውሃ በሦስት ቦይ ተከፍሎ ሸለቆውን በሙሉ ያጠጣል። ጥቅምት ዝናብ ነበረው።

«ያረቢ» አሉ በቀስታ።

ሙሂባ ዓይናቸውን ላለማየት የተፈታውን ገመድ አንሥታ ጫፉን ቋጠረች።

«እሷን ብቻ ብንነግራቸው አይበቃም?» አሉ አባ ሽፋው።

«አይበቃም። ማሽኑ አንዲት ላም አያምንም። ነጥቦቹ ካርታው ላይ የተበተኑት በባለቤቱ ቤት ስለተመዘገቡ ነው። ያደሩበት ቦታ ላይ ብናስቀምጣቸው ውሃውን ተከትለው ይሰለፋሉ። ለዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ከብቱ የት እንደሚያድር መናገር አለበት። በአደባባይ። አቶ በርናባስ እየሰማ።»

«በቅሬው ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቆ አያውቅም።»

«ጠሪው እርስዎ ነዎት።»

አባ ሽፋው ተነሡ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በግድግዳው ተደግፈው ነበር የተነሡት። «ሐሙስ ከዙህር በኋላ በይ» አሉ። «ሴቱም ወንዱም ይምጣ።»

ሐሙስ ዕለት ሰዉ በቅሬው መጋዘን ፊት ተሰበሰበ። ድንኳንና ወንበር የሚቀመጥበት የቆርቆሮ ቤት ነው። ለቀብር የሚወጡት ወንበሮች ወጡ፤ አልበቁም፣ ሌላው መሬት ተቀመጠ። ሙሂባ በርናባስን ራሷ ሄዳ ጠርታው ነበር። ስለ ቀዝቃዛው ጣሳ ስትነግረው ሁለት ጊዜ አስደግሟት በመጨረሻ «ሣጥኑ ሙቀት አይለካም» አለ፤ ለራሱ ይመስል ነበር። ካርታውን በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ አበራው።

አባ ሽፋው ነገሩን በአጭሩ ተናገሩ። የስድስተኛዋን ላም ነገር አልደበቁም፤ የእብሬን ስም ግን አልጠሩም። ከዚያ ተቀመጡ። ማንም አልተነሣም። ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ጫማ ያያል። በርናባስ ሰዓቱን አየ።

ሙሂባ ተነሣች።

«ቁጥሬ አራት መቶ ሁለት ነው። ሰባት ከብት አለኝ ብዬ አስመዝግቤአለሁ። በረቴ የሚያድሩት አራት ናቸው። አንዷ ላሜ ታችኛው መንደር ጦይባ ዘንድ ናት። አንዱ ወይፈን ከአስፋልቱ ማዶ አሕመድ ሙሄ ዘንድ። ጊደሯ ደጋው ላይ የእህቴ ባል ዘንድ። አሥራ አንድ ዓመት እበት ስቀበል የራሴን ሦስት ቀዝቃዛ ጣሳ በቤቴ ስም እያስገባሁ ነው። ጥፋቱ ከኔ ይጀምር።»

በርናባስ ሦስት ነጥቦችን በጣቱ አንቀሳቀሰ። አንዱ ቀይ ነበር። ከሙሂባ ቤት ተነሥቶ ታችኛው መንደር፣ ቦዩ ዳር አረፈ።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች፤ የሙሳ ሚስት ዘይነባ ነበረች።

«እኔ ሁለት ጊደር አሉኝ» አለች። «ወንድሜ ዘንድ፣ ሁለተኛው ቦይ ላይ።»

ሙሳ ዘወር ብሎ አያት። «ጊደር አለሽ?»

«ሁለት አልኩህ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለተኛ ላግባ ብለህ ካሰብክበት ዓመት ጀምሮ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ይህ የማክሰኞው ዓይነት ሳቅ አልነበረም፤ አሮጊቶቹ ጭምር አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ተንፈቀፈቁ። ሙሳም ጥቂት ቆይቶ ሳቀ፤ ከዚያ ተነሥቶ የራሱን ተናገረ፤ እሱም ለሚስቱ ያልነገራት አንድ በሬ ነበረው። ከዚያ በኋላ ሰዉ ተራ መጠበቅ ተወ። በርናባስ ሁለት ረዳት ጠየቀ። የትምህርት ቤቱ መምህራን ተነሥተው ቁጥርና ሰፈር ይጽፉ ጀመር።

በዚያ ከሰዓት የተነገረው ነገር ለሃምሳ ዓመት መወያያ ይሆናል። ሁለት ወንድማማቾች ሳያውቁ አንዳቸው የሌላውን ላም በሦስተኛ ሰው በኩል ሲጠብቁ ኖረዋል። የሰፈሩ ደሃ የሚባለው ሰው በአምስት መንደር አሥራ አራት ከብት ነበረው፤ ሰው ሲያጨበጭብለት አንገቱን ደፋ። ሰፈሩ ሁሉ ሀብታም የሚለው ነጋዴ ደግሞ በረቱን የሚሞሉት ከብቶች አንዳቸውም የራሱ እንዳልሆኑ በዝግታ ተናገረ፤ በሱ ላይ ማንም አልሳቀም።

በዚህ ሁሉ መሀል ነጥቦቹ ይንቀሳቀሱ ነበር። ከደጋው ጥግ ይነሣሉ፣ ከአስፋልቱ ዳር ይነሣሉ፣ ብቻቸውን ከቆሙበት ሰፈር ይነሣሉ። አረንጓዴዎቹ ውሃ በጉድጓድ ወደሚቀዳባቸው መንደሮች፣ ቀዮቹ ወደ ሦስቱ ቦዮች። ለአሥር ሰዓት ጥቂት ሲቀረው በርናባስ እጁን ከካርታው ላይ አነሣና ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ። በግድግዳው ላይ ቀይ ዛፍ ቆሞ ነበር። ሦስት ቅርንጫፍ፣ አንድ ግንድ፤ ግንዱ ተራራው ላይ ይወጣና ምንም ነጥብ በሌለበት ቦታ ያበቃል።

«እዚያ ምንድነው ያለው?» አለ።

እብሬ አሊ ተነሣ። ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «የአባ ሽፋው ላም እዚያ ናት። እኔ ነኝ ያወጣኋት። ከሰው ላርቃት ብዬ ነው። ወላሂ ከሰው ላርቃት ብዬ ነው።»

ከፊት ረድፍ ሐሊማ የምትባል ሴት ተቀምጣ ነበር። በኅዳር ወር የሞተው የመጀመሪያው ሰው የሷ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመቱ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ እሷን አየ። እብሬም እሷን አየ።

ሐሊማ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። እሱን ሳታይ ወደ መምህሩ ዞረች።

«የኔ ዳለቻ ላም እብሬ ዘንድ ናት» አለች። «እዚያ ስታድር ስድስት ዓመቷ ነው። ከብቱን ይጠብቃል። ጻፍ።»

ከዚያ ተቀመጠች። እብሬ ቆሞ ቀረ፤ አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ክርኑን ይዘው አስቀመጡት።

ዓርብ ጠዋት አምስት ሰዎች ወደ ምንጩ አናት ወጡ። ላሟ ከእሾህ አጥር ውስጥ ቆማ ነበር። ቀይ፣ ወፍራም፣ ቆዳዋ የሚያበራ። ሰው ስታይ ጆሮዋን አነቃንቃ መጣች። ከእግሯ ሥር ያለው ጭቃ በቀጭን መስመር ወደ ምንጩ ይወርድ ነበር። ሙሂባ ጣሳዋን ይዛ ገባች። ስትወጣ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛው ነበር፤ የዚያች ላም ጣሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቆ ነበር።

በርናባስ የያዘው ትንሽ ሣጥን አራት ደቂቃ ቆየ። ቁጥሩን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ።

«ከሸለቆው ከብት ሁሉ ድምር ይበልጣል» አለ። «ሌሎቹ ከውሃው ነው የያዛቸው፤ አያድርባቸውም። ምንጩ ከታጠረና ንጹሕ ውሃ ካገኙ በሦስት ሳምንት ራሳቸው ያስወጡታል። እሷ ላይ ግን ቤቱን ሠርቷል። አንዳንድ ላም ላይ እንዲህ ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ አናውቅም።»

ከዚያ ወደ አባ ሽፋው ዞረ። ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው እስከዚያ ድረስ በእግራቸው ወጥተው ነበር።

«ጅብ በላት ብለው ፈርመዋል።»

«ፈርሜአለሁ። አልክድም።»

በርናባስ ሣጥኑን ዘጋ። «ሪፖርቱ ላይ ላሟ ተገኘች ብዬ እጽፋለሁ» አለ። «ከየት ተገኘች የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም።»

ገመዱን እብሬ ያዘ። አባ ሽፋው እጃቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው ቢስሚላህ አሉ፤ ለጓንት ማንም አላሳሰባቸውም። መርፌው ፈጣን ነበር። ላሟን በዚያው ተራራ ላይ አቃጠሏት፤ ጭሱ እስከ ቀትር ታየ፣ ከሸለቆው ያዩት ሰዎችም ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ሥራቸውን አላቆሙም። ወንዶቹ ከሰዓት በኋላ ድንጋይና ሽቦ ተሸክመው ወጡ። መግሪብ ሳይደርስ ምንጩ ታጥሮ ነበር። ሴቶቹ ሦስቱን ቦዮች በየሰፈሩ ዘጉ።

በርናባስ አዲሱን ካርታ ለማዕከሉ ላከው። ማሽኑ ለሠላሳ ቀን ያልፈታውን ነገር በአሥራ አንድ ደቂቃ ፈታው። መልሱ ሦስት መስመር ነበር። ሙሂባ ጣቢያዋ ደጃፍ ላይ ቆማ በርናባስ ጮክ ብሎ እንዲያነብላት ጠየቀችው።

«ምንጩ ታውቋል። የቅዳሜው ማጽዳት ተሰርዟል። ከእንግዲህ በካርዱ ላይ ከባለቤቱ ስም ቀጥሎ ከብቱ የሚያድርበት ቦታ ይመዝገብ።»

«የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ድገምልኝ» አለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንተ ብላው አታውቅም ነበር። ደገመላት። ሦስተኛ ጊዜ ሳትጠይቀው ራሱ አነበበላት።

መልሱ ዘግይቶ ነበር የመጣው። ከብቱን ሊወስድ የተመደበው አርባ መኪና ዓርብ ቀትር ላይ ከከተማ ተነሥቶ ነበር። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሸለቆው ሲገቡ በርናባስ መንገዱ ላይ ቆሞ አስቁሞ እንዲመለሱ ነገራቸው። ሾፌሮቹ መኪናቸውን አዙረው ገና መቶ ሜትር ሳይሄዱ አስፋልቱ ተዘጋ።

ቦዮቹ ስለተዘጉ የሸለቆው ከብት በሙሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጠጣው ከአስፋልቱ ማዶ ካለው የጉድጓድ ውሃ ገንዳ ነበር። አሥራ አንድ ሺህ ከብት በአንድ ጠዋት በአንድ መሻገሪያ። መጀመሪያ ጥጃ ያላቸው ላሞች መጡ፣ ከኋላቸው ወይፈኖቹ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ። ዳለቻው፣ ቡሬው፣ ጉራቻው፣ ቀዩ፤ ከረጢታቸው እየተወዛወዘ፣ አቧራቸው ከመኪኖቹ ጣሪያ በላይ እየወጣ። ዘይነባ ሁለት ጊደሮቿን በሰው ሁሉ ፊት በስማቸው እየጠራች ነዳች፤ ሙሳ ከኋላ ከኋላዋ ሄደ። ሐሊማ ከእብሬ ከብቶች ጎን ትሄድ ነበር፤ አይነጋገሩም፤ አንዷ ስትዘገይበት እሷ ትመልሳታለች። ሙሂባ ከበረቷ የመጡትን አራቱንና ከሦስት አቅጣጫ የመጡትን ሦስቱን መንጋው ውስጥ አየቻቸው፤ ሰባቱም በአንድ ቦታ ሲሄዱ ያየችበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ከፊት ያለው መኪና ሾፌር ጡሩምባ ሊነፋ እጁን ዘርግቶ ተወው። ወርዶ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ሄደ። አባ ሽፋው ነበሩ። እሳቸው የሚነዱት አልነበራቸውም፤ ለማየት ነበር የመጡት።

«አባባ» አለ ሾፌሩ፤ «ገና ብዙ ናቸው እንዴ?»

አባ ሽፋው ዓይናቸውን ከመንጋው ሳያነሡ መለሱለት።

«አዎ፣ ልጄ። ገና ብዙ ናቸው።»

ሾፌሩ ወደ መኪናው ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ። ከኋላው ያሉትም አንድ በአንድ አጠፉ።